የመገናኛው ታብሌት

ገላን ኮንዶሚኒየም
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ የአብስራ፣

እንዴት ከርመሃል? የዝዋይ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ከቃሊቲ ወደዚያ ካዛወሩህ ወዲህ እማዬ ዝናብ በጣለ ቁጥር «እዚያም ይዘንብ ይሆን?» እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ አብሮህ የታሰረው የጂራታ ባለቤት ናት። ቤቷ አቃቂ ነው፤ ባሏን ልትጠይቅ በሄደች ቁጥር ልትይዝልኝ ተስማምታለች። መልሱንም በእሷ ላክልኝ።

ስለ እማዬ ላነሳኸው ጥያቄ፣ ግራ ጎኗ እንዳለ ነው። እጇም እግሯም አይታዘዝላትም። ንግግሯ ግን ተሻሽሏል፤ ሌላ ሰው ባይገባውም እኔ ሁሉንም እሰማታለሁ። ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፣ ብቻዋንም እንዳትቆይ ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን የዘካሪያስ እናት ትቀመጥላታለች። ከሰዓት እሷ ወደ ጉሊቷ ስትወርድ እኔ እገባለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አትቆጣኝ። እትዬ ዙለይኻ ሱቅ ለሐበሻ ቀሚስ የጥልፍ ንድፍ በእርሳስ እየሳልኩ እንደምሠራ ታውቃለህ። አሁን በኮምፒውተር የሚጠልፍ መኪና አስመጥተዋል። «ዮዲ፣ ንድፉን ቤትሽ ተቀምጠሽ በኮምፒውተር ከሳልሽልኝ ሥራው ያንቺ ነው፤ ካልቻልሽ መርካቶ ላለው ልጅ እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ከቻልኩበት እማዬን ትቼ መውጣት ቀረልኝ ማለት ነው። ስለዚህ ያንተን ኮምፒውተር ከፈትኩት። በማውስ ሞከርኩ፤ ያሰመርኩት መስመር ሁሉ ወንበር ላይ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ሰው የጻፈው ይመስላል። የስዕል ታብሌት መግዛት እንዳለብኝ ገባኝ፤ ግን የቱን? ስክሪን ያለውም የሌለውም አለ፤ ትንሽም ትልቅም አለ። ለጀማሪ የሚሆን፣ አቅሜም የሚችለው የትኛው ነው? እዚሁ ታች ሀይረዲን ሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ አይቻለሁ። አንተ ዕድሜህን በኮምፒውተር ንድፍና በኅትመት ሙያ ያሳለፍክ ነህና አማክረኝ።

እማዬ ይህን ጻፊለት ብላኛለች፦ «የአብስራዬ፣ በርታ። እኔ አለሁ።»

እህትህ ዮዲ

ዝዋይ
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮዲ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። የታሰርኩ እንጂ የሞትኩ አይመስለኝም፤ ታዲያ ኮምፒውተሬን ማን ፈቅዶልሽ ገለጥሽው? ጨርቅ አልብሼ የተውኩት ለማንም እንዲሆን ብዬ አልነበረም። ለማንኛውም ከፍተሽዋል። አቧራውን እንኳ መጥረግሽን እንጃ።

አማክረኝ ብለሻልና ልምከርሽ። ስክሪን ያለውን አትመልከቺው። ርካሹ ቀለሙ የሞተ ነው፣ ገመዱ ጠረጴዛ ይሞላል፣ ሲቆይ ይግላል። ደህናው ደግሞ ያንቺ ዕቃ አይደለም። ቀጥ ያለ መስመር ማስመር የማትችል ልጅ በመስታወት ላይ ብትስል በወረቀት ላይ ብትስል ምን ለውጥ አለው? ላንቺ የሚሆነው ስክሪን የሌለው፣ ጥቁር ሰሌዳ የሚመስለው ነው። እጅሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይንሽ ሞኒተሩ ላይ ይሆናል። መጀመሪያ ያሳብድሻል፤ ከዚያ ይለመዳል። አንቺ ላይ ግን ይቆያል።

መዳፍ የሚያክለውን እንዳትገዢ። እጅሽ ጥቂት ፈቀቅ ባለ ቁጥር መስመሩ በስክሪኑ ላይ ይዘላል። የደብተር ገጽ የሚያህል ይበቃሻል። ብዕሩ ባትሪ የማይፈልግ፣ ትርፍ ጫፎች ያሉት ይሁን፤ ጫፉ እንደ እርሳስ ያልቃል። ሻጮቹ «የጫናው ደረጃ ይህን ያህል ሺህ ነው» እያሉ ያደነዝዙሻል። ጫን ስትይ የሚወፍር፣ ላላ ስታደርጊ የሚቀጥን ከሆነ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ያንቺ እጅ አይለየውም። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ በእሱ ዊንዶውስ ላይ መሥራቱን ጠይቂ። ግራኝ ስለሆንሽ ደግሞ ቁልፎቹ ወደ ቀኝ የሚገለበጡለት መሆን አለበት።

ስድስተኛ ክፍል እያለሽ የሳልሽውን ፈረስ ታስታውሺያለሽ? እማዬ በሬ መስሏት ያመሰገነችሽን? ወረቀቱን ለጓደኞቼ ሁሉ አሳይቼ ስቀንበታል። እንግዲህ የሰው ቀሚስ ላይ የምትስይው በዚያ እጅ ነው።

የሀይረዲንን ሱቅ ግን ከአፍሽ አውጪ። ፍርድ ቤት ቆሞ ማተሚያውን እሱ እንደገጠመልኝ፣ የታሰርኩባቸው የሐሰት ማህተሞችም ሲታተሙ እንዳየ የተናገረ ሰው ነው። ያየውን ነው የተናገረው ትይኝ ይሆናል። ጓደኛ ያየውን ሁሉ አይናገርም።

ለእማዬ ሰላም በይልኝ።

የአብስራ

ገላን ኮንዶሚኒየም
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ የአብስራ፣

ሳላስፈቅድህ ኮምፒውተሩን በመክፈቴ ይቅርታ አድርግልኝ። አቧራውን ጠርጌዋለሁ፤ ጨርቁንም አጥቤዋለሁ። ፋይሎችህን አልነካሁም። ስለ ፈረሱም ልክ ነህ፣ በሬ ነበር የሚመስለው።

ያልከኝን በሙሉ በወረቀት ይዤ ጠያየቅሁ። ጠረጴዛው የደብተር ገጽ የሚያህለውን ይችላል። ሌላ ነገር ደግሞ ልንገርህ፤ ብትቆጣም ከምደብቅህ ይሻላል። ሀይረዲን ጋ ገብቼ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለው ታብሌት ስክሪን የለውም፣ ብዕሩም ባትሪ አይፈልግም፤ መጠኑም አንተ እንዳልከው ነው። ለግራኝም ይገለበጣል። ራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ሞክሪው አለኝ። ዓይኔ ወዲያ፣ እጄ ወዲህ ሲሆንብኝ ሳቅሁ። ከቆየሁ በኋላ ግን አንድ ቅጠል ሳልኩ፤ እውነተኛ ቅጠል ይመስላል። «ወስደሽ ቤት ሞክሪው፤ ካልተስማማሽ መልሺው» አለኝ። ስምህን ሳነሳበት አንገቱን ደፋ።

ከእሱ ልግዛው? መገናኛ ሱቆች ብዙ ምርጫ እንዳላቸው ሰምቻለሁ፤ ግን እዚያ ለመሄድ ቀኑን ሙሉ እማዬን መተው ሊሆንብኝ ነው። የዘካሪያስ እናት ከእኩለ ቀን በላይ መቆየት አትችልም። ሀይረዲን ሱቅ ደረጃውን መውረድ ብቻ ነው። አንተ እሺ ካላልክ ግን አልገዛም።

እማዬ የምትልህ፦ «ልጄ፣ እህትህን አትቆጣት። የምታገላብጠኝ እሷ ናት።»

እህትህ ዮዲ

ዝዋይ
ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮዲ፣

ከሀይረዲን ገዝተሽ ወደዚያ ቤት ብትገቢ ወንድም የለሽም። ደብዳቤም አትጻፊልኝ። ያን ሰው ሊጠቅም የሚችል ነገር ከቤታችን አይወጣም፤ ሳንቲምም አይወጣም።

መገናኛ ሂጂ። ውለሽ ነይ አላልኩሽም፤ ዕቃ ፈትሸሽ ነይ ነው የምልሽ። ባለሱቁ ራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ድራይቨሩን ይጫንልሽ። ማስመሪያ ይዘሽ ሂጂና ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በቀስታ መስመር ሳቢ፤ መስመሩ እንደ ትል ከተጥመዘመዘ ተዪው። አራቱንም ጠርዝ ሞክሪ። ገመዱን ከስሩ አወዛውዢው፤ ብልጭ ድርግም ካለ ተዪው። ከዚያ ኮምፒውተሩን አስጠፍተሽ አስበርተሽ እንደገና ሞክሪ። አንዱም ሳይቀር። ያለዚህ ይዘሽ እንዳትገቢ። ሰው የሚታለለው ቸኩሎ ሲገዛ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ችኩል ነሽ።

«እማዬን ጥዬ ቀኑን ሙሉ መሄድ አልችልም» ብለሻል። እማዬ ከአልጋ አትወርድ፤ የት ትሄድብሻለች? ሰበብሽን አውቀዋለሁ። ሰው ታማሚ ሲያስታምም ቅዱስ የሆነ ይመስለዋል። ያንን የመጨረሻውን መስመርም እሷ አላለችውም፤ አንቺ ነሽ ያስባልሻት። እማዬ ለእኔ ስትናገር ስለ እኔ እንጂ ስላንቺ አትናገርም።

የአብስራ

ገላን ኮንዶሚኒየም
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ የአብስራ፣

ቤታችን ሰው ይበዛበት ስለነበር ሳልጽፍልህ ቆየሁ። ታብሌቱን ገዝቻለሁ። ከመገናኛ ነው። ያልከኝን ሁሉ ፈትሻለሁ፤ ምንም ጉድለት የለበትም። በኮምፒውተርህም ላይ ይሠራል።

እማዬን ህመሙ ለቋታል። ለአንተ ካልሲ ልኬያለሁ።

ዮዲ

ዝዋይ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮዲ፣

ይኼ ደብዳቤ ነው ወይስ ደረሰኝ? ደግሞ «እህትህ» የሚለውን የት ጣልሽው? ቢሆንም ደስ ብሎኛል። እማዬ ከተሻላት፣ አንቺም ለአንድ ጊዜ የተባልሽውን ካደረግሽ፣ ከዚህ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ህመሙ ከለቀቃት በኋላ መቀመጥ ጀመረች? ምግብ በራሷ እጅ ትበላለች? የምትለኝን ለምን አልጻፍሽም? ስትፈልጊ የእሷን ቃል ታበዢዋለሽ፣ ሳትፈልጊ ታስቀሪዋለሽ።

ሀይረዲን ታብሌቱን ይዘሽ በሱቁ በር ስታልፊ አየሽ? ምን አለ? ይህን በደንብ ጻፊልኝ። ሰሞኑን እሱን እያሰብኩ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው።

ልምምድሽን ከመስመርና ከክብ ጀምሪ። ከእጅ አንጓሽ ሳይሆን ከክርንሽ ሳዪ። ስትለማመጂ ቆይተሽ አንዱን ንድፍ አሳትመሽ ላኪልኝ፤ ምን ያህል እንደማትችዪ ልይልሽ።

የአብስራ

ገላን ኮንዶሚኒየም
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአብስራ፣

ንድፉን ልኬያለሁ። የቀሚስ ደረት ላይ የሚወርድ ነው። እትዬ ዙለይኻ ወደውታል፤ መኪናውም ሳይበጣጠስበት ጠልፎታል። ከክርን መሳል ያልከኝ ጠቅሞኛል። ዓይኔና እጄ መለያየታቸውንም ለምጄዋለሁ፤ አሁን እጄን ጭራሽ አላየውም።

የእማዬን ቃል ለምን አልጻፍሽም ላልከኝ፣ የምትለው ነገር ቢኖር እጽፍልህ ነበር። ምግብ ላልከው፣ እኔ አላጎርሳትም።

ስለ ሀይረዲን ጠይቀኸኛል። አዎ፣ አይቶኛል። ደረጃው ላይ ተገናኝተን ነበር። ምንም አላለም።

አጎታችን ጋሽ ፈቀደ ሰላም ብለውሃል።

ዮዲ

ዝዋይ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮዲ፣

ንድፍሽን አየሁት። ከታቹ ስጀምር፣ ቅጠሎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ቅጠል እኩል አይደለም። ግንዱ ነፍስ የለውም። ዙለይኻ ወደዱት ማለት ዙለይኻ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው ማለት ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ የሚያየው ጨርቁን ነው። ጂራታን ሳሳየው «ቆንጆ ነው» አለኝ። ጂራታ ሹፌር ነበር።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። «እኔ አላጎርሳትም» ብለሽ ጻፍሽ። በኩራት ጻፍሽው። ያችን ሴትዮ አልጋ ላይ ትተሻት አንቺ ሞኒተር ላይ ፈዘሻል ማለት ነው። አንድ ቃል እንኳ ከአፏ ተቀብለሽ መጻፍ አቅቶሻል። ለዚህ ነው ታብሌት የመረጥኩልሽ? አንቺ እኮ ከድሮም እማዬ ወደ እኔ ስታይ ፊትሽ የሚጠቁር ልጅ ነሽ። እኔ ስታሰር ለብቻሽ ቀረችልሽ፤ አሁን ደግሞ ድምጿንም ልትነፍጊኝ ነው።

ቃሏን ካልጻፍሽ ፊቷን ሳዪልኝ። ከፎቶ እንዳይሆን፤ ከፎቶ የተገለበጠ ወዲያው ይታወቀኛል። አጠገቧ ተቀምጠሽ፣ እያየሻት። ቢያንስ ያን ሰዓት አብረሻት ትሆኛለሽ።

የአብስራ

ገላን ኮንዶሚኒየም
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአብስራ፣

የጠየቅከው ሥዕል ከዚህ ጋር አለ። ከፎቶ አልሳልኩትም። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ፊቷን እያየሁ ነው።

ዮዲ

ዝዋይ
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮዲ፣

ሥዕሉ ደረሰኝ። ከጠበቅሁት በላይ ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ ስመለከተው ግን ተውኩት።

አንደኛ፣ ዓይኗን ጨፍነሽ ሳልሻት። የሰው ዓይን መሳል ያቃተው ሰው የሚያመልጥበት በር እሱ ነው። ጨፈን ታደርጊና ተገላገልሽ። ሁለተኛ፣ አፍንጫዋን አሹለሽዋል። የእማዬ አፍንጫ ጎርዶ ነው፤ የገዛ እናቷን አፍንጫ የማታውቅ ሠዓሊ! ሦስተኛ፣ ነጠላውን በአገጯ ሥር አዙረሽ አናቷ ላይ ቋጥረሽዋል። እማዬ መቼ ነው እንደዚህ የምታስረው? ጥርስ ያመመው ሰው አስመሰልሻት። ጉንጯ ላይ ያለው ጥላም ልክ አይደለም፤ ሥጋ ሳይሆን ሰም ይመስላል። ጥላ ስትጥይ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አስቀድመሽ ማወቅ አለብሽ አላልኩሽም?

አጠገቧ ተቀመጥኩ ያልሽው ውሸት ነው። ተኝታ ሳለ ከበር ላይ ቆመሽ ነው የሳልሻት። ከእሷ ጋር ጥቂት ማውራት ሞት ሆኖብሻል።

ቀስቅሻትና እንደገና ሳያት።

የአብስራ

ገላን ኮንዶሚኒየም
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአብስራ፣

ሰላምታ አልጽፍም። ተቀምጠህ አንብበው። ጂራታ በአቅራቢያህ ካለ ጥራው።

እማዬ ሞታለች። ሥዕሉ ላይ ያየሃት ከሞተች በኋላ ነው። ነጠላው የታሰረው አገጯ እንዳይከፈት ነው፤ ያሰረችው የዘካሪያስ እናት ናት። አፍንጫዋም እንደዚያ ሆኖ ነበር። ጉንጯም።

መቼ ብለህ ትጠይቀኛለህ። መገናኛ የሄድኩ ቀን ነው።

ጠዋት ስወጣ ተኝታ ነበር። የዘካሪያስ እናት እስከ እኩለ ቀን እቆይላታለሁ አለችኝ። ከገላን ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ በባቡር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ ተሰልፌ መገናኛ ደረስኩ። ባለሱቁ መብራት የለም አለኝ። ጠበቅሁ። መብራቱ ሲመጣ ያልከኝን አንድም ሳላስቀር አደረግሁ። በማስመሪያ ሳብኩ፣ ጠርዞቹን ሞከርኩ፣ ገመዱን አወዛወዝኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራልኝና እንደገና ልሞክር ስለው «እህቴ፣ መኪና ነው እንዴ የምትገዢው?» ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ሳቀብኝ። አንተ ያለዚህ እንዳትገቢ ስላልከኝ ቆሜ አስጠፋሁት፤ ቆሜ አስበራሁት። ስወጣ የታክሲው ሰልፍ ዞሮ ዞሮ መንገድ ደርሷል።

ቤት ስገባ እማዬ ግማሽ አካሏ ከአልጋው ወርዷል። ደህናው እጇ ወደ በሩ ተዘርግቷል። ወደ ማን ልትመጣ እንደነበር አላውቅም። ውኃ ፈልጋ ይሆናል። ሐኪሙ አሟት ወዲያው ነው ያለፈችው ብሎኛል፤ ለማጽናናት ይሁን አይሁን አላወቅሁም። አንተ ከአልጋ አትወርድም ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ወርዳ ነበር።

ታብሌቱን ከካርቶኑ ሳወጣው ሀይረዲን መደርደሪያ ላይ ከነበረው ጋር አንድ ነው። ያው ስም፣ ያው መጠን፣ ያው ብዕር። የሚለይበት ነገር ቢኖር ብዬ ፈለግሁ። የለም።

የሬሳ ሳጥኗን ከአራተኛ ፎቅ ያወረደው ሀይረዲን ነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ከሥር ሆኖ ክብደቱን እሱ ተሸከመ። ደረጃው ላይ ተገናኘን ያልኩህ ያን ጊዜ ነው።

በነጋታው ጠዋት ታች ድንኳን ሲተከል እኔ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሴቶቹ ያበድኩ መስሏቸው ሊይዙኝ መጡ። የዘካሪያስ እናት «ተዉዋት፣ ከእናቷ ጋር ናት» አለቻቸው። ሊገንዟት እስኪመጡ ድረስ ሳልኳት። በዚያ ታብሌት የሳልኩት የመጀመሪያ ሥዕል እሱ ነው።

እንዳልነግርህ ያስማሉኝ ጋሽ ፈቀደ ናቸው። «እስረኛ ሰው መርዶ በወረቀት አይነገረውም፤ ሲፈታ ሽማግሌ ይዤ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉ። ማልኩ። ደብዳቤዎቼን መልሰህ ብታነባቸው አንድም ውሸት አታገኝባቸውም። ስንት ቀን ልጽፍልህ ተቀምጬ መሐላው ያዘኝ። አዝኜልህ ነበር። ቀስቅሻት ስትለኝ ግን ማዘኔ አለቀ።

ዮዲ

ዝዋይ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዮዲ፣

እዚህ ደብዳቤ ተነቦ ነው የሚገባው። የሚያነበው ፖሊስ ሶሬሳ ይባላል። ያንቺን ካነበበ በኋላ ለእኔ መስጠት ፈርቶ ኪሱ ከትቶት ሲዞር ሰነበተ። ባገኘኝ ቁጥር «ደህና ነህ?» ይለኛል፤ ከዚያ በፊት አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም። በመጨረሻ ለጂራታ ሰጠው። ጂራታ ጎህ ሲቀድ የክፍሉን ትልልቅ ሰዎች አስከትሎ ቀሰቀሰኝ። ወረቀቱን ገና ሳላየው ገባኝ። ብርድ ልብስ አንጥፈው ከግራና ከቀኝ ተቀመጡልኝ። እማዬን አንድ ቀን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች አለቀሱላት። እኔ መጀመሪያ አላለቀስኩም። በኋላ አፌን በጋቢ ያዙልኝ።

ስለ መገናኛው የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። በእሱ ላይ የምለው የለኝም። በወረቀት መንገርሽን ግን ይቅር አልልሽም፤ ጋሽ ፈቀደ ልክ ነበሩ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አዎ፣ ልመና ነው። እዚህ የእማዬ ፎቶ የለኝም፤ ስዛወር ዕቃዬ መሀል ጠፋ። ከዚህ በፊት ዓይኔን ስጨፍን ትመጣልኝ ነበር። አሁን የምትመጣልኝ ያቺ አንቺ የሳልሻት ናት። ሌላውን ፊቷን ሸፍናብኛለች። የድሮ መልኳን ላስታውስ እሞክራለሁ፤ ነጠላው ይመጣል፣ አፍንጫው ይመጣል። ወረቀቱን ለማየት አልቻልኩም፤ ለመቅደድም እጄ እምቢ አለኝ።

ዓይኗን ገልጠሽ ሳዪልኝ። የፈለግሽው ዓይነት ይሁን፤ ብታበላሺውም ምንም አልልም። ስትቆጣ፣ ስትስቅ፣ ወደ በረንዳው ስታይ። ትችያለሽ። እጅሽ ጎበዝ ነው። ይህን መጀመሪያውኑ ልነግርሽ እችል ነበር።

እባክሽ ዮዲዬ።

ወንድምሽ የአብስራ

ገላን ኮንዶሚኒየም
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአብስራ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ያጽናህ። ያንተን ጓደኞችም እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ስለ ሥዕሉ፣ አልስልልህም።

አልቻልኩም ብዬ ልዋሽህ አስቤ ነበር። እችላለሁ። አሁን ለእትዬ ዙለይኻ ብቻ ሳይሆን ለሌሎችም እሠራለሁ፤ የሙሽሮች ፊት ሳይቀር ከፎቶ እስልላቸዋለሁ። ሰው ወረፋ ይይዝልኛል። ቀን ሙሉ ዓይን ስገልጥ ነው የምውለው። ለአንተ ግን አልገልጥም። የዚያን ዕለት ጠዋት የመገናኛው መንገድ እንዳይረፍድብኝ፣ ሳልቀሰቅሳት በእግሬ ጣት ነው የወጣሁት። ዓይኗን ሳላየው ቀረሁ። ያየሁትን ልኬልሃለሁ፤ ያላየሁትን ከየት አምጥቼ እልክልሃለሁ?

ወደዚያም አልመጣም። ከሐምሌ ጀምሮ ጋሽ ፈቀደ ይጠይቁሃል፤ የሚያስፈልግህን ለእሳቸው ንገራቸው። የጂራታን ባለቤት አመስግኜ አሰናብቻታለሁ፤ ይህ የምትይዝልኝ የመጨረሻው ደብዳቤ ነው።

አንድ ነገር እንድታውቀው ብቻ፦ ሥራ ልጀምር ኮምፒውተሩን በከፈትኩ ቁጥር ያ ሥዕል ከንድፎቼ መሀል በስህተት እየተከፈተ ደንበኛ ፊት ያስለቅሰኝ ጀመር። ትናንት አጥፍቼዋለሁ፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። በእጅህ ካለው ሌላ ቅጂ የለውም። ብትቀደውም ባትቀደውም ያንተ ፈንታ ነው።

ዮዲ